ስም የሌለው ይቅርታ

አንድ ጊዜ የሙዝ ጋሪ የሚጎትት አህያ አገርነሽን እግሯን ረገጣት፤ እሷ ደግሞ አህያውን ይቅርታ ጠየቀችው። አርባ ምንጭ አጠገብ ባለችው ላንቴ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ያወራው ጋሪ ነጂው ራሱ ነው። «እኔ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀድማ አህያዬን ይቅርታ አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮርቶ አልታዘዝ ብሎኛል» እያለ ሰውን አሳቀ። አገርነሽም አብራ ሳቀች። ስትስቅ ድምፅዋ የበዛ መሰላትና እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ይቅርታ» አለች።

ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። በር ስታንኳኳ ይቅርታ፣ ስትገባ ይቅርታ፣ ስትወጣ ይቅርታ ነው። ገበያ ላይ ሰው ሲገፋት ይቅርታ ትላለች። ዝናብ ሲዘገይ እንኳ ስለ ዝናቡ ስታወራ የሷ ጥፋት ያለበት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ጸሎት ቤት ተንበርክካ የምትጸልየውም ይህንኑ ነው፤ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ። አንድ እሁድ ወንጌላዊው ጠጋ ብሎ፣ «እህት አገርነሽ፣ ጌታ እኮ በመጀመሪያው ሰምቶሻል። ሲደጋገም የረሳውን ታስታውሺዋለሽ» አላት። ቀልዱን ነው። እሷ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች።

ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል፣ በመጨረሻ ይደክመዋል። ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ዝም ማለት አይችልም፤ «ኧረ ምንም አይደለም» ማለት አለበት። ቀኑን ሙሉ «ምንም አይደለም» ሲሉ መዋል ደግሞ ራሱ ሥራ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጎረቤቱ ከሷ ጋር ቆሞ ማውራት ቀነሰ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ቦዩ ዳር ከሩቅ ሲያያት እጁን ያነሳና በሌላው መንገድ ይታጠፋል፣ በቃ።

ባሏ ካሱ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንዲት ልጇ ቤቲ ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ቤቲ እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ትደውል ነበር።

«እማ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ረበሽኩሽ፣ ይቅርታ።»

«የደወልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ ካርድሽን አስጨረስኩሽ።»

አንድ ቀን ቤቲ መታገሥ አቃታት። «እማ፣ ይቅርታ ባልሽኝ ቁጥር አንድ ነገር ያደረግኩሽ ይመስለኛል። ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ይከብደኛል» አለቻት። አገርነሽ ለዚያም ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ቤቲ በየሁለት ሳምንቱ መደወል ጀመረች። አገርነሽ ራሷ አትደውልም። ሥራ ላይ ብትሆንስ? ተኝታ ብትሆንስ? ስልኩን አውጥታ የልጇን ስም ታያለች፣ ታያለች፣ ከዚያ መልሳ ትራሷ ሥር ትከተዋለች።

ነገሩ የጀመረው ገና በልጅነቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከደጋ አውርደው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር፣ አክስቷ ቤት አስቀመጧት። ትማራለች ተብሎ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ሳትጨርስ ቀረች። የተማረችው ሌላ ትምህርት ነው። የግቢው በር ቆርቆሮ ነበር። አክስቷ ቀስ ብላ ከከፈተችው ቀኑ ሰላም ነው፤ በሩ ከጮኸ ግን ዛሬ አንድ ሰው ይመታል፣ ያም ሰው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ልጅቷ በሩ ሲጮህ ሮጣ ወጥታ፣ እጇን አጣምራ፣ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ «ይቅርታ» ትላለች። አንዳንድ ቀን አክስትየዋ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ አልፋት ትገባለች። አንድ ቀን የሠራ ነገር ሁልጊዜ የሚሠራ ይመስላል። አክስቷ ከሞተች ሃያ ዓመት አለፋት። በሩ ግን እስከ ዛሬ አገርነሽ ደረት ውስጥ ይጮሃል። ሰው ፊቱን ሲያጠቁር ይጮሃል፣ ሰው ዝም ሲልም ይጮሃል።

ልቤ ነው ብላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። የመረመራት ሰውዬ፣ «ልብሽ ደህና ነው እናቴ፣ ጭንቀት ነው። አትጨነቂ» አላት። ታማ ባለመገኘቷ ይቅርታ ጠይቃው ወጣች።

አሁን ወደ ውሃው እንሂድ።

ላንቴ ሙዙን የሚያጠጣው ከሐሬ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ነው፣ ውሃውም በተራ ነው። የአገርነሽ ተራ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ካሱ ትቶላት የሄደው ይህንን ነው። ተራውን በጭንቅላታቸው የያዙት ጋሽ ኦይታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የውሃ አባት ይሏቸዋል። ደንቡ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተራውን ያልተጠቀመ ሰው ውሃውን አልፈለገውም ይባልና ተራው ከጎኑ ላለው ማሳ ያልፋል። ከአገርነሽ ማሳ በላይ፣ በጎን ያለው ደግሞ የኤርጫፎ ማሳ ነው።

በየካቲት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አገርነሽ አካፋዋን ይዛ ቦዩ ዳር ቆመች። ውሃ የለም። ቦዩን ሳልጠርግ ቀርቼ ይሆናል ብላ እስከ እኩለ ቀን የተጠረገውን ቦይ እንደገና ጠረገች። ካሱ ከሞተ ወዲህ በራሷ እጅ የተከለቻቸው አርባ የሙዝ ችግኞች ቅጠላቸው ዳር ዳሩ ቡና መሰለ። በሁለተኛው ማክሰኞም ውሃ አልመጣም። ያን ቀን አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቦዩን ተከትላ ወደ ላይ ወጣች።

ኤርጫፎ ማሳ ጋ ስትደርስ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ቦዩ ውስጥ ተደርድሮ አየች፤ አምስት ነው። የኤርጫፎ ተራ ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሙዝ መሀል ባዶ እግሩን፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል።

«እንዴት አደሩ?» አለችው። በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፣ ግን አንቱ ነው የምትለው።

«ደህና። ምን እግር ጣለሽ?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ውሃው... ማክሰኞ ስለሆነ ብዬ ነው።»

«ማክሰኞ ምን ሆነ?»

ፊቱን አጠቆረ። ደረቷ ውስጥ በሩ ጮኸ።

«ምንም፣ ምንም አልሆነ። ረበሽኩዎት፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ሆነው ሳለ ነው የመጣሁት።»

ኤርጫፎ ለጠብ ተዘጋጅቶ ነበር። ምን እንደሚላት ሌሊቱን ሲያብላላ ነው ያደረው። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ከቤቱ በኩል ሚስቱ ጸዳለ፣ «ማን ነው?» አለች።

«አገርነሽ ናት» አለ፣ ትንሽ አሰብ አደረገና። «ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ ነው።» ከዚያ ወደ አገርነሽ ዞሮ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅር ብያለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አገርነሽ፤ አመስግናው ደረቅ አካፋዋን ተሸክማ ወረደች።

እዚህ አገር ይቅርታ ቀላል ነገር አይደለም። ከደጋ የወረደ ልማድ አለ። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጥፋቱን አምኗል፣ ይቅር የተባለ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይነሳም። ያነሳው ሰው ጎሜ አለበት፤ ጎሜ ማለት ቤት ላይ በሽታና ድርቅ የሚያመጣ በደል ነው። የጸሎት ቤት ሰዎች ጎሜ የሚባል የለም፣ ያለው ኃጢአት ነው ይላሉ፤ ይላሉ እንጂ ይቅር የተባለ ነገር እነሱም አያነሱም።

ሐሙስ ዕለት በለጥሽ መጣች። በለጥሽ ሙዝ ከገበሬው እየሰበሰበች አይሱዙ ላይ የምታስጭን ነጋዴ ናት፤ ላንቴ ውስጥ በአገርነሽ ያልደከማት ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት። የማይደክማት ስለማትሰማ ነው፤ ብዙውን የምታወራው ራሷ ናት።

«አንቺ ሴት፣ የራስሽን ውሃ ሰርቀሽ ተያዝሽ አሉ።»

«ምን አልሽ?»

«ኤርጫፎ ነዋ። ለጫኞቹ ሁሉ እያወራላቸው ነው። ራሷ እቤቴ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ይቅር አልኳት ይላል። የምን ይቅርታ ነው የጠየቅሽው?»

«ይቅርታ በለጥሽ፣ እኔ...»

«እኔን ደግሞ ለምን?»

በለጥሽ ማሳው ውስጥ ገብታ አንዱን ችግኝ ቅጠሉን በጣቷ ፈተነችው። እንደ አሮጌ ወረቀት ተሰበረ።

«የሚመጣው ማክሰኞ ሦስተኛው ነው። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ውሃው ከሄደ ምን ትበያለሽ?»

«ቤቲ ነይ ብላኛለች። ሐዋሳ።»

ቤቲ ቤት መሄድ ማለት ሰው ቤት መግባት ማለት ነው። የልጅ ቤትም ቢሆን በር አለው። ጠዋት ማታ በሩ እንዴት እንደተከፈተ እያዳመጠች ልትኖር ነው፤ በዘጠኝ ዓመቷ የጀመረችውን በሃምሳ ዓመቷ ልትደግመው ነው። ማሳው ላይ ግን የሚጮህ በር የለም። አገርነሽ በዓለም ላይ ይቅርታ የማትጠይቀው ሙዟን ብቻ ነው።

«ለጋሽ ኦይታ ነግሬያቸዋለሁ» አለች በለጥሽ። «ቅዳሜ ጠዋት ማንጎው ሥር ይቀመጣሉ።»

«ወይኔ፣ ለምን አስቸገርሻቸው?»

«ዝም በይ። ይህንኑ ነው የምልሽ፣ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? ያቺን ቃል ቅዳሜ ካወጣሻት ውሃሽን እርሺው።» ወደ ቤት ስባ አስገባቻት፣ ዙሪያዋን ቃኘችና ሰሃን ላይ የበቆሎ ቆሎ አየች። «አፍሽ ውስጥ ቆሎ ያዢ። ቃሏ ልትወጣ ስትል ንከሺው። እስቲ እንሞክር። እኔ ኤርጫፎ ነኝ።»

ሆዷን ነፍታ፣ ወገቧን ይዛ ተገተረች። «ማክሰኞ ምን ሆነ?»

አገርነሽ ቆሎዋን ነከሰች፤ ቀጭ አለ።

«ጎሽ። ምን እግር ጣለሽ?»

ቀጭ።

በለጥሽ ድንገት የአገርነሽን የእግር አውራ ጣት ረገጠች። አገርነሽ «ይቅር...» አለችና አፏ ውስጥ የቀሩትን ሦስት ቆሎ አንድ ላይ ነከሰች። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። በዚያ ቤት ሰው እንዲህ ከሳቀ ስንት ጊዜ ሆኖታል። ከዚያ በለጥሽ ሰዓቷን አየችና ተነሳች። ቅዳሜ እንደማትመጣ ነገረቻት፤ ጭነት አላት፣ መኪናው ማልዶ ይገባል። «አንቺ ቆሎሽን ይዘሽ ሂጂ» አለች ከበሩ ላይ። ሳቁንም ይዛው ሄደች። አገርነሽ የቀቀለችውን ሀላኮ፣ የሽፈራው ቅጠሉን፣ ብቻዋን በላች።

ቅዳሜ ስድስት ሽማግሌና ከውሃ ኮሚቴው ሁለት ሴቶች ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ኦይታ በአንድ እጃቸው በትር፣ በአንድ እጃቸው እርጥብ የዕርቅ ሣር ይዘዋል። ኤርጫፎ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሚስቱን አስከትሎ መጥቷል። አገርነሽ ዳር ላይ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች። ጉንጯ ውስጥ አራት ቆሎ አለ።

«የኔ ነገር አጭር ናት» አለ ኤርጫፎ። «ሁለት ማክሰኞ ውሃውን አልተጠቀመችም። ከዚያ እቤቴ ድረስ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ይቅር አልኳት። ባለቤቴ ሰምታለች። ይቅር የተባለ ነገር ተመልሶ ይነሳል እንዴ? ጎሜ ነው ብላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ኦይታ ወደ አገርነሽ ዞሩ። «ይቅርታ ጠይቀሻል?»

ቆሎው አልቋል። ኤርጫፎ ሲናገር ሳታስበው አኝካው ነበር።

«ጠይቄያለሁ። ይቅርታ፣ ጋሽ ኦይታ፣ እኔ...»

«እኔን ቆዪኝ። እኔ ጋ ገና አልደረስንም።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ኦይታ አልሳቁም። ከሰማንያ ዓመታቸው አብዛኛውን ያሳለፉት ውሃ እስኪደርስ ቁጭ ብለው በመጠበቅ ነው፤ ችኮላ የሚባል አያውቁም። ሣሩን በኤርጫፎና በአገርነሽ መካከል መሬት ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ በኛ ዘንድ ይቅርታ ስም አለው» አሉ። «ፍየልህን መታሁ፣ ይቅር በለኝ ይባላል። ድንበርህን ገፋሁ፣ ይቅር በለኝ ይባላል። ስም የሌለው ይቅርታ ሣሩ ላይ አይቀመጥም። እስቲ የጠየቅሽበትን ስሙን ንገሪን። ስም ካለው ኤርጫፎ ልክ ነው፣ ነገሩ ተዘግቷል። ስም ከሌለው አልተጠየቀም።»

አገርነሽ ሣሩን አየች።

«ረበሽኳቸው» አለች አገርነሽ።

«ምን አድርገሽ?»

«ቤታቸው ሄድኩ።»

ጋሽ ኦይታ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አዩ። «ሰው ቤት መሄድ ጥፋት የሆነበት አገር የምታውቁ አላችሁ?»

«ሥራ ላይ ነበሩ» አለች።

«ምን ሲሠራ?»

እዚህ ላይ ቆመች። ደረቷ ውስጥ በሩ ይጮሃል። ስሙን ትፈልጋለች። ቦዩን ፈለገች፣ ያን ጠዋት ፈለገች፣ አካፋዋን እንዴት እንደያዘች ሳይቀር ፈለገች። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች። አንዲት ትንሽ ልጅ ቆርቆሮ በር ፊት እጇን አጣምራ ቆማለች፣ ምን እንዳጠፋች ትፈልጋለች። ያኔም ፈልጋ አታገኝም ነበር። ግን ያኔ «በምን?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በሕይወቷ ሙሉ ሁሉም «ይቅርታ» ስትል ተቀብሏት አለፈ፤ አህያው ሳይቀር። ስሙን የጠየቃት ይህ ሽማግሌ የመጀመሪያው ነው፣ እሷም የምትሰጠው የላትም።

«ስም የለውም» አለች።

«አልሰማሁሽም።»

«ስም የለውም፣ ጋሽ ኦይታ። ማክሰኞ ውሃዬ አልመጣም። ወደ ላይ ሄድኩ። አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ቦዩ ውስጥ አየሁ፣ አምስት ነው። ከዚያ ፈራሁ። ሌላ የለም።»

ጋሽ ኦይታ በበትራቸው ጫፍ ሣሩን አንድ ስንዝር ወደ ኤርጫፎ ገፉት።

«አንተስ? ስም አለህ?»

«ፀሐዩን እያያችሁት ነው» አለ ኤርጫፎ። «አምስት ልጅ ነው ያለኝ። የኔ ሙዝ አሸዋ ላይ ነው፣ ውሃ አይዝም...»

«ምክንያትህን አልጠየቅኩህም።»

ኤርጫፎ ሚስቱን አየ። ጸዳለ መሬት መሬት ታያለች። ሸሚዙን ሳበ፣ አገጩን አከከ። ሣሩ ፀሐይ ላይ መጠውለግ እስኪጀምር ድረስ ቆየ። ከዚያ ለሣሩ ብቻ የሚነግር ይመስል አጎንብሶ፣ «የአገርነሽን ውሃ ሁለት ማክሰኞ ወሰድኩ» አለ።

«ጨርሰው።»

«ይቅር በይኝ።»

አገርነሽ ደነገጠች። ይህ ቃል ስንት ዓመት ከሷ አፍ ሲወጣ ኖሯል፤ ወደሷ ሲመጣ ግን ምን እንደሚደረግበት አታውቅም። ከሷ አፍ ሺህ ጊዜ ከወጣው ሁሉ የእሱ አንዷ ትከብዳለች። «ኧረ ምንም አይደለም፣ እኔ ነኝ እንጂ» የሚለው ጥርሷ ድረስ መጣ። ምላሷ ሥር አንድ ግማሽ ቆሎ ቀርታ ኖሯል፤ ርሳ ለስልሳለች። ነከሰቻት።

«መልስሽ?» አሉ ጋሽ ኦይታ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ይቅር ብያለሁ።»

ማክሰኞ የአገርነሽ ነው ተባለ፣ ሣሩ ተከፍሎ ለሁለቱም በእጃቸው ተሰጠ፣ ሰውም ተነሳ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሄዱ። ስለ አህያው ያነሳ የለም። አገርነሽን «አይዞሽ» ያላትም የለም። አይዞሽ የሚባለው ይቅርታ ለምትጠይቀዋ ነው፤ ይቺኛዋን ምን እንደሚሏት ገና አላወቁም። ጸዳለ በአጠገቧ ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

እሁድ ጸሎት ቤት ጸዳለ ሌላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። አገርነሽ ስትንበረከክ ያ የለመደችው ጸሎት በልቧ ጀመረ፣ ይቅር በለኝ፤ በምን? አለች ለራሷ። አንድ ሁለት ነገር አገኘች። አንዲት ጎረቤቷ ስትታመም ሳትጠይቃት ቀርታለች። ካሱ በመጨረሻው ሳምንት ውሃ ሲጠይቃት አንድ ጊዜ ተቆጥታዋለች። እነዚህን በስማቸው ተናገረች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅር በለኝ ስትል ኖራ የካሱን ነገር በስሙ አንስታው አታውቅም ነበር። አለቀሰች፣ ግን አልቆየም። ከዚያ የምትለው አለቀና ሌላው እስኪጨርስ ተንበርክካ ጠበቀች።

ያ እሁድ የቤቲ እሁድ አይደለም። ስልኩ አልጮኸም።

ማክሰኞ ማለዳ ቦዩ ዳር ስትደርስ ደረቅ ነበር። ኤርጫፎ ማዳበሪያዎቹን ያነሳል? አያነሳም? አካፋዋን አቁማ ወደ ላይ፣ ወደ ኤርጫፎ ማሳ አየች። ምንም አይሰማም። ቦዩን ልጥረግ አለችና ተወችው፤ የተጠረገ ነው።

ውሃው ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከዚያ ራሱ ደረሰ፤ ቡናማ፣ ፊቱን አቧራ ለብሶ፣ ደረቅ ቅጠልና ገለባ እየገፋ፣ እንደሚዳስስ ሰው ቀስ እያለ። ጫማዋን ነካ። የመጀመሪያውን መስመር በአካፋ ከፈተችለት። መሬቱ ሲጠጣ ድምፅ አለው፤ የሚሰማው ግን ብቻውን የሆነ ሰው ነው።

በመንገዱ በኩል አይሱዙ አለፈ። በለጥሽ ከጋቢናው መስኮት እጇን አወጣችላት፣ የሆነ ነገርም ጮኸች፤ ሞተሩ ዋጠው። መኪናው ሙዙንም በለጥሽንም ይዞ በአቧራ ውስጥ ገባ።

ቀና ስትል ጸዳለ አጥሯ ላይ ልብስ ስታሰጣ አየቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚያው ሆና «አገርነሽ፣ ደህና አደርሽ?» ትላት ነበር። ዛሬ አየቻትና ጀርባዋን ሰጠቻት። አገርነሽ አካፋዋን አስቀመጠች። እግሯ ራሱ ተነስቶ በቦዩ ዳር ሽቅብ ጀመረ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቃል ብቻ፤ እንደ ድሮው እንዲሆን። ግማሽ መንገድ ደርሳ ቆመች። ስሙን ማን ልትለው ነው? ውሃዬ ስለመጣ ይቅር በሉኝ? ከኋላዋ መስመሩ ሞልቶ ሲፈስ ሰማች። ተመልሳ ወረደች። ሁለተኛውን መስመር ከፈተች።

ውሃው ችግኞቹ ሥር ሲገባ ከጉያዋ ስልኩን አወጣች። የልጇን ስም አየች፣ አየች። ከዚያ ነካችው።

ሁለት ጊዜ ጠራ። «እማ?» አለች ቤቲ። «ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ደወልሽ?»

«ውሃ መጣ» አለች አገርነሽ። «ማክሰኞ ነው፣ ተራዬ ነው። ውሃው መጣ።»

ከቤቲ ጀርባ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ይሰማል። ቤቲ የሚቀጥለውን ቃል እየጠበቀች ነው፤ አገርነሽም እየጠበቀችው ነው፣ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። ግን በምን?

«እማ፣ ሰው አለብኝ አሁን» አለች ቤቲ። «ማታ ልደውልልሽ?»

በሩ ደረቷ ውስጥ ጮኸ።

«ደውዪ» አለች አገርነሽ። «እጠብቅሻለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ትደውል እንደሆነ አታውቅም። ስልኩን ጉያዋ ውስጥ መለሰችና ፀሐዩን አየች፤ እኩለ ቀን ሊሆን ብዙ አልቀረውም። ገና ስድስት መስመር አላት። አካፋዋን አንስታ ወደ ሦስተኛው ሄደች።